ትኩሳት በተነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ

ወባ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። በጊዜ የተደረሰለት ሕፃን በሦስት ቀን ክኒን ድኖ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሳይደረስለት የቀረው ግን ትናንት ሲሮጥ ውሎ ዛሬ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። ሁለቱን የሚለያያቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ወባ ባለባቸው ወረዳዎች የጤና ባለሙያዎች ለወላጆች ሳይሰለቹ የሚነግሩትም ይህንኑ ነው፦ ትኩሳት በተነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕፃኑ ተመርምሮ ሕክምና ይጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 263 ሚሊዮን ያህል ሰው በወባ ታሟል፤ 597 ሺህ ያህሉ ሞቷል። ከመቶ ሟች 95ቱ የአፍሪካ ሰው ነው። በአፍሪካ ከሞቱት ውስጥ ደግሞ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ክረምቱ ሲወጣ

የጣና ሐይቅን በሰሜን በኩል የሚያዋስነው የደንቢያ ሜዳ በመስከረም አረንጓዴ ነው። ዋልካው አፈር የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም፤ ገበሬው ሽምብራውን ለመዝራት ማሳው እስኪጠነፍፍ ይጠብቃል። በመንገዱ ዳር፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ በተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ከብት ወደ ውሃ ሲወርድ በኮቴው በረገጠው ስፍራ ሁሉ ጠራ ያለ ውሃ ተኝቷል። በአገሪቱ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ውሃ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው እጯ ከውሃው ገጽ ስር እንደ ስንጥር ተጋድማ ትታያለች፤ የሌሎች ትንኞች እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ሙቀቱ ከተመቻት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥታ ትበርራለች።

ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ዙር ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር በአጠቃላይ ለወባ የተጋለጠ ተደርጎ ይቆጠራል። ደጋውን የሚያተርፈው ብርዱ ነው። ተሕዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱን አይጨርስም። ሞቅ ያለና ዝናብ የበዛበት ዓመት ሲመጣ ግን ወባ ሽቅብ ትወጣለች፤ እዚያ ያለው ሰው ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ተዋውቆ አያውቅምና ጉዳቱ ይከፋል።

ይህ በታሪክ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ፤ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። በ1958 የመጣው ደግሞ የባሰ ሆነ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ሰፊ ወይና ደጋ አዳረሰ፤ በጊዜው በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሞቷል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዲዲቲ ተሸክመው ቤት ለቤት ይዞሩ የነበሩትን ሠራተኞቹን አዛውንቶች ዛሬም ያስታውሷቸዋል።

ሰው ለኑሮው የሚሠራው ሥራም ሳያስበው ለትንኟ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በትግራይ ለመስኖ በተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት፣ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ ነበር። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተገኘው ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ ለትንኟ እጭ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በቆሎ በሰፊው በሚዘራበት፣ ማሳውም ከቤት ደጃፍ በማይርቅበት መንደር ወባው ብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ግድቡም በቆሎውም ለቤተሰቡ ያስፈልጋሉ፤ አብሯቸው መድረስ የነበረበት የወባ መከላከል ሥራ ነው።

> ደጋውን የሚያተርፈው ብርዱ ነው፤ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባ ሽቅብ ትወጣለች።

በሕፃኑ ደም ውስጥ

ደም የምትመጠው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማሳደግ ያስፈልጋታል። ስትነድፍ ከምራቋ ጋር የሚገባው ተሕዋስ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጉበት ውስጥ ይደበቃል። እዚያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያለ ምንም ምልክት ይራባል፤ ከዚያ ወደ ደም ወጥቶ ቀይ የደም ሴሎችን ይወርራል። በየ48 ሰዓቱ ግድም ሴሎቹ ሲፈነዱ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ማንዘፍዘፉ፣ ቀጥሎም ትኩሳቱና ላቡ ይመጣል። ሕፃናት ላይ ግን በሽታው ይህን ሥርዓት አይጠብቅም። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ሳል ወይም ጡት እምቢ ማለት ብቻውን የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወባ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። ፋልሲፓረም አይተኛም፤ ይቸኩላል። የወረራቸው የደም ሴሎች ከቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ። ይህ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ሕፃኑን ያንፈራግጠዋል፣ ራሱንም እንዲስት ያደርገዋል። በዚያው ላይ ደሙ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ በሰውነቱ ያለው የስኳር ክምችት ትንሽ ስለሆነም ቶሎ ይሟጠጣል።

ከተወለደ እስከ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ሕፃኑን ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በመጠኑ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ባዶውን ይቀራል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋባቸው የአፍሪካ አገሮች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፈ ልጅ ቀስ በቀስ የተወሰነ የመቋቋም አቅም ያዳብራል። በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ግን በሽታው ዓመት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ስለሚመጣ ይህ አቅም አይገነባም። ለዚህ ነው ወረርሽኝ በገባበት መንደር እናትም አባትም ልጅም በአንድ ሳምንት አልጋ የሚይዙት። ያኔ ደግሞ ሕፃኑን አንስቶ ወደ ጤና ኬላ የሚሮጥ ሰው ከቤቱ ይጠፋል። በሽታው ነፍሰ ጡርን ከያዘ በእርግዝናው ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን እንዲወለድ፣ ገና ከመነሻውም በደካማ አቅም እንዲጀምር ያደርገዋል።

ምች ነው ወይስ ወባ?

የሕፃን ትኩሳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ማታ ነው። እናቲቱ ግንባሩን ዳስሳ ምች መትቶት ይሆናል ትላለች። ቀን ፀሐይ ላይ ሲጫወት ውሏልና ግምቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳማከሴ ተቀጥፎ ይመጣል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ጠዋት ትኩሳቱ በረድ ሲል ልቧ ይረጋጋል። ቀን እንደገና ይነሳል። ሁለተኛው ቀን ከጎረቤት በተገኘ፣ ከባለፈው ዓመት በተረፈ ክኒን ያልፋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን መዘግየት ቸልተኝነት ብሎ መጥራት አይወዱም፤ ልክም ናቸው። ጥቅምትና ኅዳር ወባው የሚበረታበት፣ ሰብሉም የሚደርስበት ጊዜ ነው። አባት አጨዳ ላይ ነው፤ እናት አንዱን ታማሚ ስታዝል ሌሎቹን የሚይዝላት ያስፈልጋታል። ጤና ኬላው ቅርብ ነው ቢባልም ወንዝ ሊሻገሩ፣ ሄደውም በሩን ዘግቶ ሊያገኙት ይችላሉ። እናቶች በበኩላቸው ሄደው መድኃኒቱ አልቋል ተብለው የተመለሱበትን ቀን አይረሱም። አንድ ጊዜ በባዶ የተመለሰች እናት በሚቀጥለው ትኩሳት ቢያንስ አንድ ቀን ትዘገያለች።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ርቀት ለማሳጠር የታሰበ ነው። በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፣ ከአካባቢው የተመለመሉ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ደመወዝተኛ ሆነው ተመደቡ። ዛሬ ወባን መርምሮ ማከም ከዕለት ሥራቸው አንዱ ነው። ምርመራው ለማየት ቀላል ነው። ጣት በአልኮል ይጠረጋል፣ በመርፌ ጫፍ ይወጋል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ታቅፈዋለች። የወጣችው የደም ጠብታ በፕላስቲኩ መመርመሪያ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፣ የፈሳሹ ጠብታ ይከተላታል። ከዚያ ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ደሙ በነጩ ወረቀት ላይ እየተጎተተ ሄዶ አንድ ቀይ መስመር ቢያወጣ መመርመሪያው ሠርቷል፣ ወባ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ከተጨመረ፣ ደብዘዝ ቢልም እንኳ፣ ወባ አለ።

መመርመሪያው የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል ያጡ ተሕዋሳት መኖራቸውን አረጋግጠዋል። እነዚህ መስመር ሳያወጡ ያልፋሉ፤ ሕፃኑ ታሞ እያለ ውጤቱ ነፃ ይላል። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን የሚለዩ መመርመሪያዎችን መጠቀም፣ በጤና ጣቢያ ደግሞ ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት የግድ ሆኗል። ወባ የለበትም የተባለ ሕፃንም ዝም ተብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። የትኩሳቱ ምንጭ የሳንባ ምች ወይም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሹ መቆጠር፣ አንገቱ መታየት አለበት።

ስድስት ጊዜ በሦስት ቀን

ኢትዮጵያ ፋንሲዳር የተባለውን መድኃኒት ትታ ኮአርተምን ለፋልሲፓረም የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ ቀደም ክሎሮኪን፣ ቀጥሎም ፋንሲዳር ተሕዋሱ ስለለመዳቸው ከጥቅም ውጭ ሆነው ነበር። ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን ነው፦ አርቴሜተር በፍጥነት ይገድላል፣ ሉሜፋንትሪን ቀስ ብሎ የተረፈውን ይጠርጋል። የአርቴሜተር መሠረት የሆነው አርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቻይና ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቅጠል ተለይቶ የወጣ ነው፤ ቱ ዩዩ በዚህ ሥራዋ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች።

አሰጣጡ በክብደት ይለካል። ከ5 እስከ 14 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ይወስዳል፤ በጥቅሉ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። ለሕፃናት የተዘጋጀው ክኒን በትንሽ ውሃ ይሟሟል። እናቶች የሚሳሳቱት ሁለተኛው ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው በስምንት ሰዓት ልዩነት ይሰጣል፣ የቀሩት ግን ጠዋትና ማታ ናቸው። የመጀመሪያውን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የወሰደ ሕፃን ሁለተኛውን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይወስዳል። ልምድ ያላት ባለሙያ ይህን በቃል ተናግራ አትተውም፤ በማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ የመጀመሪያውን ክኒንም እዚያው ፊቷ ላይ ታስውጣለች። ወዲያው ካስታወከው ይደገምለታል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ የእናት ጡት፣ የላም ወተት ወይም ዘይት ያለው ምግብ ይቀድመዋል።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይጠፋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የተረፉትን ክኒኖች ለሌላው ልጅ ማስቀመጥ ቁጠባ ይመስላል፤ በደሙ ውስጥ የቀሩት ተሕዋሳት ግን እንደገና ይራባሉ፣ መድኃኒቱንም ለመልመድ ዕድል ያገኛሉ። አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ለውጥ በኢትዮጵያ ተሕዋሳት ላይ ታይቷልና ይህ ለነገ የሚባል ሥጋት አይደለም።

ለቫይቫክስ ክሎሮኪን አሁንም ይሰጣል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ለመግደል ደግሞ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ይጨመራል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ፕሪማኪን አይሰጥም።

ሲጠና

ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ ያንፈራገጠው፣ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ክኒን አይጠብቅም። መዳፉ የነጣ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሽንቱ የጠቆረም እንዲሁ። እነዚህ ከታዩ መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው።

መንገዱ ረጅም ሲሆን ጤና ኬላ ላይ የሚሰጥ አንድ ነገር አለ፦ በፊንጢጣ የሚገባ የአርቴሱኔት መድኃኒት። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አንድ ጊዜ ይሰጥና የሪፈር ወረቀት ተጽፎ ይሸኛሉ። ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ከመንገድ ይመለሳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከመስጠት እኩል የሚያስፈልገው መኪና ወይም አንቡላንስ ማግኘትና ወላጆቹን አስረግጦ መንገር ነው።

ሆስፒታል ሲደርስ አርቴሱኔት በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይወጋል። ይህ ለብዙ ዘመን የኩዊኒን ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው፣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት አርቴሱኔት ሞትን ከኩዊኒን ይልቅ በ22.5 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየና ምርጫው ተለወጠ። ከመርፌው ጎን ስኳሩ ይለካል፣ ካነሰ ግሉኮስ ይሰጣል፤ ደሙ ካለቀ ደም ይሰጠዋል። በወባ ወቅት የሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ነርሶች እንደሚሉት ከመድኃኒት ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የደም እጥረት ነው። ልጁ ከነቃና መዋጥ ከቻለ በኋላ መርፌው በኮአርተም ሙሉ መጠን ይቋጫል።

> ጤና ኬላ ላይ የሚሰጠው አርቴሱኔት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም።

አጎበርና ግድግዳ

በኬሚካል የተነከረ አጎበር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ትንኟን ከተኛው ሰው ያግዳል፣ ያረፈችበትንም ይገድላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አጎበር ከማንኛውም ምክንያት የሚመጣን የሕፃናት ሞት በ17 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠር አጎበር ታድሏል። ነገር ግን የታደለ ሁሉ አልተሰቀለም። በአንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ መደብ ላይ፣ መሬት ላይና ቆጥ ላይ ለሚተኛ ቤተሰብ አራት ማዕዘን አጎበር ለመስቀል አይመችም። ጥቂት የዘለቀው ደግሞ ይቀደዳል፤ የእህል መሸፈኛ፣ የገመድ ምትክ ይሆናል። አንድ አጎበር ብቻ ከተረፈ ማን ይተኛበት የሚለው ጥያቄ መልሱ የማያሻማ ነው፦ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር። በተግባር ግን አባወራው የሚተኛበት ቤት አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ይህን ደፍረው መናገር አለባቸው።

ሌላው መከላከያ የቤት ውስጥ ርጭት ነው። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ከብዷት ግድግዳ ላይ ታርፋለችና ግድግዳው ይረጫል። ርጭቱ የሚደረገው ከወቅቱ በፊት፣ በክረምቱ ማብቂያ ነው። ይህ ጊዜ ደግሞ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤት የሚለቀለቅበት ነው። አዲስ ጭቃና እበት የተቀባ ግድግዳ ኬሚካሉን ከስሩ ይቀብረዋል። የልማድ ጥፋት የለበትም፤ ልቅለቃው ከርጭቱ እንዲቀድም ከመንደሩ ሴቶች ጋር ቀደም ብሎ ቀን መቁረጥ ይበቃል።

ከሁለቱም ውጭ የሚቀር ሰው አለ። በየዓመቱ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ ወጣቶች ሜዳ ላይ ወይም በዳስ ውስጥ ያድራሉ፤ ግድግዳም ጣራም ስለሌላቸው ርጭቱ አይደርሳቸውም፣ አጎበሩም የሚሰቀልበት የለውም። ሲመለሱ ተሕዋሱን በደማቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ታናናሾቻቸውም ቤታቸው ሆነው ይታመማሉ። ተመላሹን በመናኸሪያና በየቀበሌው መርምሮ ማከም ሕፃናትን መጠበቅ ነው።

ከተማ የወደደችው ትንኝ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነች ትንኝ ተገኘች። ይህቺ የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውሃ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ የከተማ ነዋሪ ውሃ አታጠራቅም ሊባል አይችልም፤ ሊባል የሚችለው ክደን ነው። ጥብቅ ክዳንና በየሳምንቱ ዕቃውን አጥቦ መሙላት እጩን ከመብረሯ በፊት ይቆርጧታል።

በአገሪቱ የታማሚው ቁጥር እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ በእጅጉ ወርዶ ነበር። ከዚያ ጦርነትና መፈናቀል ጤና ኬላዎችን ዘጋ፤ ርጭትና አጎበር ተስተጓጎለ፤ ትንኞች ኬሚካሉን፣ ተሕዋሱ ምርመራውን ማምለጥ ተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ቤት ውስጥ የሞተ ሕፃን መዝገብ ላይ አይሰፍርምና የሞቱ ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ መገመት አይከብድም።

አራት ጊዜ የሚሰጠው ክትባት

የመጀመሪያው የወባ ክትባት አርቲኤስኤስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በጋና፣ በኬንያና በማላዊ በመደበኛ ክትባት ውስጥ ተሞክሮ፣ ክትባቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ሞት በ13 ከመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 እሱን፣ በጥቅምት 2023 ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውንና በብዛት ለማምረት የሚቀለውን አር21ን አጽድቆ አገሮች እንዲጠቀሙባቸው መከረ። ሁለቱም ከአምስት ወር ዕድሜ ግድም ጀምሮ አራት ጊዜ ይሰጣሉ። ሦስቱ በተከታታይ ወራት ናቸው፤ አራተኛው በሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበትና እናቱ ወደ ክትባት የምትሄድበት ሌላ ምክንያት በቀነሰበት ጊዜ ይመጣል። በቀደሙት አገሮች ብዙ ሕፃናት የቀሩት እዚያ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክትባቶቹ የሚከላከሉት ፋልሲፓረምን ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ቫይቫክስ ትንሽ የማይባል ድርሻ አለው። ፋልሲፓረምንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያግዱም፤ በተለይ ከባዱን በሽታ ያቀልላሉ። ስለዚህ የተከተበ ሕፃን ማታ አጎበር ውስጥ ያድራል፣ ትኩሳት ሲይዘውም እንዳልተከተበው ሁሉ በዚያው ቀን ይመረመራል።